የደብል መስታወቴ መሃል ጉም ገባ፤ ቤት ውስጥ ይጠገናል?

ባለጉሟ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎን ያለው ትልቁ መስኮቴ ባለሁለት ንብርብር መስታወት ነው፤ ደብል የሚባለው። ፍሬሙ ፕላስቲክ ነው። 12 ዓመት ሆኖታል። ከጥቂት ወራት በፊት ጠዋት ጠዋት ታች ጥጉ ላይ ትንሽ ጉም ማየት ጀመርኩ። ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። ቆሽሾ ነው ብዬ ከውስጥም ከውጭም ወለወልኩት። ወፍ የለም። አሁን ጉሙ ቀኑን ሙሉ አይሄድም። ታች በኩል የውሃ ጠብታ ተደርድሮ ይታየኛል። መሃል ላይ ስለሆነ እጄ አይደርስበትም፤ ይሄ ነው የሚያበሽቀኝ።

የሰማሁት ምክር ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ ዙሪያውን ሲሊኮን ምቺው ይለኛል። ሌላው መስታወቱን ብሺና አናፍሺው ይላል። ሦስተኛው ከነፍሬሙ ይነቀል ባይ ነው። ሥራ አልፈራም፤ ካቻቢቴም ድሪልም አለኝ። እስቲ የሞከራችሁ ንገሩኝ።

የቁጠባ ልጅ

እኔ ዙሪያውን በሲሊኮን ዘጋሁት። ሁለት ሳምንት ጉም የሚባል አላየሁም።

ባለጉሟ

ከሁለት ሳምንት በኋላስ?

የቁጠባ ልጅ

ከዚያማ ተመልሶ መጣ። ከበፊቱም ባሰ። ግን ሁለቱ ሳምንት አሪፍ ነበር።

የመስታወት ሰው

ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጣራ። በውስጥ በኩል በጣትሽ መስታወቱ ላይ አንድ መስመር አስምሪ። ከውጭም እንደዚሁ። መስመሩ ከወጣ ጉሙ ያለው እዚያው ፊት ላይ ነው። በውስጥ በኩል ከወጣ የክፍሉ እርጥበት ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። በውጭ በኩል ከወጣ ደግሞ እሰየው በይ። መስታወቱ የቤቱን ሙቀት አላሳልፍ ስላለ የውጭ ፊቱ ቀዝቅዞ ጤዛ ያዘ ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ካልወጣ መሃል ነው። ያንቺ ይሄኛው ይመስለኛል፤ ግን አስምሪው።

ቀጥሎ የመስታወቱን ሆድ ዕቃ ልንገርሽ፤ ያለሱ ምክሩ አይገባም። በሁለቱ መስታወቶች መሃል ዙሪያውን የሚሄድ ዘንግ አለ። ስፔሰር እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ውስጡ ክፍት የሆነ አሉሚኒየም ነው። ሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ዶቃ የሚመስሉ እርጥበት መጣጭ ፍሬዎች ተሞልተዋል። ዘንጉን ከመስታወቱ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ማሸጊያዎች ናቸው። የውስጠኛው ቡቲል ነው፤ ጥቁር፣ ሙጭጭ የሚል፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ። እርጥበትን በዋናነት የሚያግደው እሱ ነው። የውጪኛው ፖሊሰልፋይድ ወይም ሲሊኮን ወይም ፖሊዩሬቴን ይሆናል። ሁለቱን መስታወቶች ጨምቆ የመያዙ ጉልበት የእሱ ነው።

አሁን ልብ በይ። ገና ከፋብሪካ የወጣ መስታወት እንኳን እርጥበት ቀስ እያለ ይገባበታል። ፍሬዎቹ እየጠጡ ስለሚደብቁት አናየውም። ጉም ያየሽ ቀን እንግዲህ ፍሬዎቹ ጠግበው እምቢ ያሉበት ቀን ነው። ማሸጊያው ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሲያስገባ ቆይቷል። ከውጭ ሲሊኮን ብትመቺ ውሃውን መውጫ አሳጥተሽ ዘጋሽበት ማለት ነው። የጠገቡትን ፍሬዎች ማንም አልነካቸውም።

የቁጠባ ልጅ

ጋሼ፣ ይሄን ቀደም ብለው ቢነግሩኝ አንድ ሙሉ ቱቦ ሲሊኮን ይተርፈኝ ነበር።

የመስታወት ሰው

ሽታው ኮምጣጣ ነበር?

የቁጠባ ልጅ

አዎ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ።

የመስታወት ሰው

እንግዲያው ጨርሰኸዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል። የደብል መስታወት ጠርዝ አጠገብ አይደርስም። ማሸጊያውን ይጎዳል፣ መስታወቱ ላይ የብረት ቅብ ካለም ይበላዋል። ሽታ የሌለው፣ ኒውትራል የሚባለው አለ። እሱም ቢሆን ከቡቲሉ ጋር የማይስማማ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ካልተስማማ ቡቲሉ ይላላና በመስታወቱ ውስጥ ጥቁር እንባ እየሆነ ይወርዳል። በዓይኔ አይቻለሁ። ያስጠላል።

ቁጥር ወዳጅ

ማሸጊያው ለምን እንደሚደክም ከፈለጋችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ መስታወት፣ መሃሉ 16 ሚሊ ክፍተት ቢኖረው፣ ውስጡ የታሰረው አየር 16 ሊትር ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል ያ አየር ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ግን የለም። መስታወቶቹ ወደ ውጭ ያብጣሉ። ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳሉ። ቀን ያብጣል፣ ማታ ይሟሽሻል፤ ለ12 ዓመት በየቀኑ። ያ ሁሉ መለጠጥ የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ያለችው ቀጭን ማሸጊያ ላይ ነው። አንድ ቦታ ፀጉር የምታክል ክፍተት ከተገኘች ማታ ማታ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ትስባለች።

ከፍታም እንዲሁ ነው። ከባሕር ወለል 1000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ የአየር ግፊቱ ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ቆላ ላይ ታሽጎ ደጋ የተወሰደ መስታወት ገና ሳይገጠም ሆዱ ተነፍቶ ይደርሳል። ለዚህ ሲሉ አንዳንድ ፋብሪካዎች ስፔሰሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቱቦ ይተዋሉ፤ ግፊቱ እዚያ ሲደርስ እንዲስተካከል።

ድሪል በእጄ

ሳይንሱ ደስ ይላል፤ ልጅቷ ግን መስኮቷን ማየት ነው የፈለገችው። እኔ በስቼ ነው የፈታሁት፤ በደንብ ይሠራል። የዳይመንድ ፑንታ 5 ሚሊ። ከውጭ በኩል ባለው መስታወት ላይ ሁለት ቀዳዳ፤ አንዱ ታች ጥግ፣ ሌላው በተቃራኒው ላይ ጥግ። ፑንታው እንዳይግል ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ሳይጫኑ፣ ድሪሉን በዝግታ። መሃሉን በአልኮል አጥቤ፣ ቀናት አናፍሼ፣ በመጨረሻ አየር እያስወጣ ዝናብ የማያስገባ ትንሽ መክደኛ ገጠምኩ። ዓመት ሞልቶታል፤ ጉም የለም።

ዝምተኛዋ

ቆይ ባለጉሟ፣ ድሪሉን አስቀምጪ! የመስታወቱን ጥጎች እይ። ትንሽ ማህተም ተቀርጾበት ካየሽ ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የተጠናከረ፣ ሊሆን ይችላል። ቴምፐርድ መስታወት አይበሳም። ፑንታው ቆዳውን ባለፈበት ቅጽበት ሙሉው ወደ ሺህ ቁርጥራጭ ይለወጣል። የአክስቴ ልጅ የበረንዳ በር መስታወት ላይ ሞክሮ ድሪሉ እጁ ላይ ቀረ፤ በሩ ግን የለም። ማህተም ስለሌለው ብቻም ቴምፐርድ አይደለም ማለት አይቻልም፤ ማህተሙ ፍሬም ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። በር ላይና ወለል አጠገብ ያለ መስታወት ከሆነ ጭራሽ አትንኪው።

ድሪል በእጄ

ይሄ እውነት ነው። የኔ ተራ መስታወት ነበር። መጥቀስ ነበረብኝ።

ቁጥር ወዳጅ

ሌላም አለ። መስታወቱ ሎው-ኢ ከሆነ መብሳቱ ትርጉም የለውም። ሎው-ኢ ማለት በመሃል በኩል ባለው ፊት ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የብረት ቅብ አለበት ማለት ነው። ሙቀትን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ብዙውን ጊዜ ቅቡ ብር አለበት፤ እርጥበት ካገኘው ይዝጋል። በአልኮል ልታጥቢው ብትሞክሪ ደግሞ ይጫጫራል።

ማወቂያው ይሄ ነው። ማታ መብራት አጥፍተሽ፣ ጉሙ ቀለል ባለበት ቦታ ላይ፣ ክብሪት ወይም የስልክ መብራት ወደ መስታወቱ አስጠጊ። አራት ነጸብራቅ ታያለሽ፤ መስታወቱ አራት ፊት ስላለው። አራቱም አንድ ዓይነት ቀለም ከሆኑ ተራ መስታወት ነው። አንዱ ለብቻው ቀለሙ ከተለየ ቅቡ ያለው እሱ ላይ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሙቀት የሚያሳልፉበትን መጠን በዩ-ቫሉ ነው የሚለኩት፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ነጠላ መስታወት 5.7 አካባቢ ነው። ተራ ደብል፣ መሃሉ አየር፣ 2.8 አካባቢ። ሎው-ኢ፣ መሃሉ በአየር ፋንታ አርጎን የሚባል ጋዝ ሲሆን ደግሞ፣ እስከ 1.1 ይወርዳል።

ባለጉሟ

በጣቴ አሰመርኩ። በሁለቱም በኩል ምንም አልወጣም። መሃል ነው። ጋሼ አውቀውታል።

ማታ ደግሞ በክብሪት ሞከርኩ። ሁለት ጣቴን አቃጥዬ በሦስተኛው ክብሪት ተሳካልኝ። ሦስቱ ነበልባል ቢጫ ነው። ከክፍሉ በኩል ሁለተኛው ወይን ጠጅ ነገር ይመስላል። እንደዚያ ሆኖ ለካ 12 ዓመት አብሮኝ ኖሯል።

በእጅ ባትሪ ጠርዙን ሳይ ስፔሰሩ ላይ የታተመ ጽሑፍም አገኘሁ። የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ቀን ነው። ዋስትናው ካለፈ ሁለት ዓመት። አይ ዕድል።

ስለዚህ መብሳቱ ቀረ። አሁን ምን ቀረኝ? መክፈት?

የመስታወት ሰው

መስታወቱን ከፍቶ እንደገና ማሸግ ማለትሽ ከሆነ፣ ይቻላል። ሠርቼዋለሁ። ለልጅ ግን አልመክርም። ቀጭን የብረት ሽቦ በማሸጊያው ውስጥ እያስገባሽ ዙሪያውን ትቆርጫለሽ። ሁለቱን መስታወት ስታላቅቂ አንዱ ይሰነጠቃል፤ ሁልጊዜ የመጨረሻው ጥግ ላይ። ካልተሰነጠቀ አሮጌውን ማሸጊያ በምላጭ ትፍቂያለሽ፤ የቀን ሥራ ነው። አዲስ ስፔሰር፣ አዲስ ፍሬ፣ አዲስ ቡቲል። ፍሬው ከታሸገበት ከወጣ ጀምሮ የክፍሉን እርጥበት መጠጣት ይጀምራል፤ ስትዘገዪ ግማሽ ጠግቦ ነው የሚገባው።

ፍሬው በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለውን በቀላሉ ታውቂያለሽ። ጥቂቱን ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አድርጊና ውሃ ጠብ አድርጊበት። ትኩስ ከሆነ ብርጭቆው ይሞቃል፤ እውነቴን ነው፣ እጅ ያቃጥላል። የሞተው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። ወጣት ሆኜ በመዳፌ ላይ ነበር የምሞክረው። እናንተ እንዳታደርጉት።

ይሄን ሁሉ ለፍተሽ ያሸግሽው መስታወት ለጥቂት ዓመት ያገለግል ይሆናል። ፋብሪካ ቡቲሉን በማሽን አሙቆ፣ ሁለቱን መስታወት በማሽን ጨምቆ ነው የሚሠራው። በእጅ እኩል አይመጣም።

ዝምተኛዋ

እኔ መሃል መንገድ ያለ ነገር ሞክሬ ነበር። ተራ መስታወት ስለሆነና የመጋዘን መስኮት ስለሆነ ቢበላሽ ግድ የለኝም ብዬ ነው። ልንገራችሁ፤ ግማሹ ተሳካ።

መስታወቱን ከፍሬሙ አወጣሁት። መስታወቱን ሳይሆን ስፔሰሩን በጠርዝ በኩል በሁለት ጥግ በሳሁት። አንዱ ቀዳዳ ላይ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ቱቦ ገጠምኩ። ቱቦው እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል በተሞላ ክዳን ያለው ማሰሮ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ከሁለተኛው ቀዳዳ የወጣው አየር ደግሞ ተመልሶ ወደ ፓምፑ ይሄዳል። አየሩ እየዞረ ይደርቃል ማለት ነው። ሲሊካ ጄሉ ቀለም የሚቀይረው ዓይነት ነው፤ ደረቅ ሲሆን ብርቱካናማ፣ ሲጠግብ አረንጓዴ። መጀመሪያ ቀን ማሰሮው በሁለት ሰዓት ውስጥ አረንጓዴ ሆነ! ጄሉን በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አድርቄ መለስኩት። አምስት ቀን ፈጀ። በአምስተኛው ቀን ብርቱካኑ ሳይለወጥ አደረ። ቀዳዳዎቹን በቡቲል ደፍኜ ላዩን ኒውትራል ሲሊኮን መታሁበት።

ሰማያዊውን ሲሊካ ጄል ግን ተዉት። ኮባልት አለበት፤ ጤና አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጉም የለም። ያልተሳካው ግማሽ ምንድን ነው? ስበሳ አንዲት የአሉሚኒየም ቁራጭ ወደ ውስጥ ገባች። እንደ ጥፍር የተጠማዘዘች፣ የምታብለጨልጭ። ታች ጥግ ላይ ተኝታለች። ፀሐይ ስትመታት ትበራለች። መጋዘን በገባሁ ቁጥር እሷን ነው የማየው። ከዚያ በፊት የነበረው ጉምም የነጭ ነጠብጣብ አሻራ ትቶ ሄዷል፤ መስታወቱ ራሱ ለዓመታት ውሃ ላይ ሲቆይ ይበላል። ያ በምንም አይለቅም።

ባለጉሟ

ዝምተኛዋ፣ ይሄን ታሪክ ወድጄዋለሁ፤ ሳሎኔ ላይ ግን አላደርገውም።

እንግዲህ ወስኛለሁ። ፍሬሙ ደህና ነው፣ ይቆያል። የሚለወጠው መስታወቱ ብቻ ነው። ነቅሎ መለካቱንና መግጠሙን ራሴ ላድርግ። ጋሼ፣ እንዴት ልጀምር?

የመስታወት ሰው

ጎበዝ። እኔም ይሄን ነበር የምጠብቀው፤ ግን ካንቺ ይምጣ ብዬ ነው።

መስታወቱን ዙሪያውን የሚያቅፉት አራት ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች አሉ። አንቺ ፕላስቲክ ፍሬም ስላልሽ ምናልባት ከውስጥ በኩል ናቸው። ከረጅሙ ጀምሪ፣ ከመሃሉ። ስፓቱላ በዘንጉና በፍሬሙ መሃል አስገቢና ወደ መስታወቱ አቅጣጫ ቀስ ብለሽ ጠምዝዢ። መሃሉ ቀስት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በእጅ ነው። ጥግ ላይ ከጀመርሽ ትሰብሪዋለሽ። እያንዳንዱ ላይ ከየት እንደወጣ በወረቀት ፕላስተር ጻፊበት፤ አራቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጨረሻውን ከማውጣትሽ በፊት መስታወቱን የሚይዝ ሰው ይኑር።

ክብደቱን ገምቺ። በካሬ ሜትር በአንድ ሚሊ ውፍረት 2.5 ኪሎ ነው። መጠኑ ስንት ነው?

ባለጉሟ

120 በ140 ሴንቲ። ውፍረቱን ገና አላየሁም።

ቁጥር ወዳጅ

1.68 ካሬ ሜትር። ሁለቱ መስታወት 4 ሚሊ 4 ሚሊ ከሆኑ በድምሩ 8 ሚሊ፤ በካሬ 20 ኪሎ። ወደ 34 ኪሎ ይሆናል። ብቻሽን አታነሺውም። ጓንት፣ ጫማ፣ መምጠጫ መያዣ ካገኘሽ ደግሞ ጥሩ።

ባለጉሟ

ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ነቀልነው። ፎቶ ብለጥፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ እጄ ግን ጭቃ ነበር። ለምን ጭቃ ሆነ? ተከታተሉኝ።

መስታወቱ ሲነሳ ከሥሩ ውሃ አለ። ጣት የሚያክል ጥልቀት፣ ጥቁር፣ የሚሸት። ውሃው ውስጥ የሞቱ ዝንቦች። መስታወቱ የታችኛው ጠርዙ ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ ቆሞ እንደኖረ እንጃ። ማሸጊያው ታች በኩል ከመስታወቱ ተላቆ በጥፍሬ ይላጣል። ላይ በኩል ያለው ግን ጠንካራ ነው፤ በከተርም እምቢ አለ።

ወንድሜ "ውሃው ለምን አይወርድም?" አለ። ፍሬሙ ከውጭ በኩል ታች ላይ ትንንሽ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት። በሙሉ በነጭ ሲሊኮን ተደፍነዋል። ቆሜ አየኋቸውና ፊቴ ቀላ። ከሦስት ዓመት በፊት ንፋስ ያስገባሉ ብዬ የደፈንኳቸው እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ንጹህ አድርጌ፣ በጣቴ አለስልሼ።

ድሪል በእጄ

አይዞሽ። እኔ ደግሞ ፍሬም ስቀባ በቀለም ደፍኜ አውቃለሁ።

የመስታወት ሰው

ልጄ፣ ይሄ ነው በሽታው። ከማያቸው የታመሙ መስታወቶች ብዙዎቹ የሚታመሙት ከታች ነው። ዝናብ ምንጊዜም ትንሽ ወደ ፍሬሙ ይገባል፤ እንዲገባም ታስቦ ነው የተሠራው። የሚወጣበት ቀዳዳ ስላለው ችግር የለም። ሲደፈን መስታወቱ ኩሬ ውስጥ ይቆማል፤ ኩሬ ውስጥ የሚቆም ቡቲል ደግሞ የለም። ይሄን ሳታስተካክዪ አዲስ መስታወት ብትገጥሚ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚሁ ውይይት ላይ ተመልሰሽ ትመጪ ነበር።

ሲሊኮኑን በከተር ቆርጠሽ አውጪ። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጥረጊ። ከዚያ አንድ ኩባያ ውሃ ፍሬሙ ውስጥ ጨምሪና ውጭ ሆነሽ እይ። በደቂቃ ውስጥ ካልወጣ ገና አልተከፈተም።

ሌላም ነገር። መስታወቱ ስር ታኮዎች ነበሩ?

ባለጉሟ

አንድ የፕላስቲክ ታኮ ብቻ በቀኝ በኩል። ግራውን በኩል ፍሬሙ ላይ በቀጥታ ተቀምጧል። የግራው ታኮ ተንሸራቶ መሃል ላይ ወድቋል።

ውሃውን ፈተሽኩ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። አንዱን ቀዳዳ በሽቦ ስወጋው ጥቁር ነገር ብቅ አለና ሽርርር ብሎ ወረደ። ወንድሜ ከታች ቆሞ ነበር። ጫማው ላይ ነው የወረደው።

የመስታወት ሰው

ታኮው ሁለት ይሁን፣ ከየጥጉ ትንሽ ገባ ብሎ። መስታወቱ ከፍሬሙ ወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ውሃ ከሥሩ ይለፍ። ታኮው የማፍሰሻ ቀዳዳ ላይ አይቀመጥ። የሁለቱንም መስታወት ውፍረት ይሸከም፤ ጠባብ ከሆነ አንዱ መስታወት በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ማሸጊያውን ይጎትታል።

አሮጌውን መስታወት ለኪ። ስፋቱን ሦስት ቦታ፣ ቁመቱን ሦስት ቦታ፣ ሁለቱን ሰያፍ ጥግ ለጥግ። ፍሬሙንም ለኪው። ብዙ ጊዜ መስታወቱ ከፍሬሙ ውስጥ በየጎኑ 5 ሚሊ ያንሳል፣ በስፋትም በቁመትም 10 ሚሊ ማለት ነው። ልኩ አሮጌው ላይ ካልገጠመ ትዕዛዝ ከመስጠትሽ በፊት ደግመሽ ለኪ። ደብል መስታወት ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፤ ያለቀ ነገር ነው።

ባለጉሟ

ለካሁ። ውፍረቱ 24 ሚሊ፤ 4፣ 16፣ 4። ትዕዛዙ ላይ የጻፍኩት፦ ስፋት፣ ቁመት፣ ውፍረት፣ ሎው-ኢ፣ አርጎን፣ ስፔሰሩ አሉሚኒየም ሳይሆን የፕላስቲክ። የመጨረሻው የቁጥር ወዳጅ ምክር ነው፤ በግል ጽፎልኝ ነበር።

ቁጥር ወዳጅ

ለሁሉም ልድገመው። አሉሚኒየም ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል። ስለዚህ የመስታወቱ ጠርዝ ከመሃሉ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ሲሆን ከክፍሉ በኩል ላብ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፕላስቲክ ወይም ፎም ስፔሰር ያንን ይቀንሳል። አርጎኑ ደግሞ ከአየር ይልቅ ሙቀትን በአንድ ሦስተኛ ያህል ባነሰ ፍጥነት ያስተላልፋል። በደንብ በታሸገ መስታወት ውስጥ በዓመት የሚያመልጠው ከ1 በመቶ በታች ነው።

በነገራችን ላይ ሐሳቡ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት መስታወት መሃሉ አየር ተይዞ ማሸግን ቶማስ ስቴትሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1865 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጣጣው ጠርዙ ላይ ነው።

የቁጠባ ልጅ

ሙሉ ወጪውን ለማይችል ሰውስ? ጉም ያለው መስታወት ቢተው ምን ይሆናል?

የመስታወት ሰው

ቤት አይፈርስም። ተራ ደብል ከሆነ ጉም ይዞም ቢሆን ከነጠላ መስታወት ይሻላል፤ መሃሉ ያው የቆመ አየር ነው። የምታጣው እይታውን ነው፤ ቆይቶም መስታወቱ በነጭ ነጠብጣብ ይበላል። ብቻ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ክፈት፤ ለቀሩት ጤነኞቹ መስኮቶችህ ዕድሜ ይጨምርላቸዋል። እሱ ነፃ ነው። በመስኮቶችህ ሁሉ ዛሬውኑ ዙር።

የቁጠባ ልጅ

ዞርኩ። ከስድስቱ ሦስቱ ተደፍነዋል። አንዱ ውስጥ የሸረሪት ቤት ነበር፤ ባለቤቷን ሳይቀር አስወጣኋት።

ባለጉሟ

ተገጠመ! አጭሮቹን ዘንጎች መጀመሪያ፣ ረጅሞቹን ቀስት አድርገን ከመሃል አስገባናቸው። የመጨረሻው እምቢ ሲል በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ መታው ወንድሜ። አንዱ ዘንግ ጥጉ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ከጥግ የጀመርኩት እሱን ነው፣ ጋሼ እያሉኝ። ምልክት ተለጥፎበት የመጣውን የመስታወቱን ፊት በተጻፈው መሠረት ወደ ውጭ አዞርነው። ሁለት ታኮ አለ። ቀዳዳው ክፍት ነው። አንድ ኩባያ ውሃ እንደገና አፈሰስኩ፤ በዚህ ጊዜ ወንድሜ ራቅ ብሎ ቆሟል።

አሮጌውን መስታወት ግቢ ውስጥ ስፔሰሩን ቆርጬ ፍሬዎቹን አወጣኋቸው። ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ውሃ ጠብ አደረግኩባቸው። ምንም። ቀዝቃዛ።

ባለጉሟ

ከሁለት ወር በኋላ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ አዲሱ መስታወት መሃሉ ሙሉ በሙሉ ጉም ነው። ልቤ ቀጥ አለ። ጠርዙ አካባቢ ግልጽ ነው፤ መሃሉ ነጭ። ወዲያው ወደዚህ ልጽፍ ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ ጋሼ ትዝ አሉኝ፤ በነጠላ ጫማ ወጣሁና በጣቴ አንድ መስመር አሰመርኩ።

ወጣ።

የመስታወት ሰው

እሰየው በይ።